ከሚዛኑ በላይ የተሰቀለው ጽሑፍ

ሰኞ፣ 4

ጸደቀ። አለቃችን ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበና መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መነጽሩን የሚያወልቀው ነገር ሲጥመው ነው። «ጤናማ ልጅ የጎበዝ እናት ምስክር ነው።» ስድስት ቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ከርሜ መጨረሻ ላይ የመጣልኝ እጄን ስታጠብ ነው። ሰዓሊው ከሥሩ ጉንጩ የሞላ ልጅ ሥሎለታል። ልጁ ፊት እንቁላል፣ ምስር፣ ካሮትና ጎመን ያለበት ሰሃን አለ፤ ከኋላው እናቱ ቆማ ትስቃለች።

የመጀመሪያው ፖስተር እዚሁ እኛው ጤና ጣቢያ፣ ምድር ቤት ባለው የሕፃናት መመዘኛ ክፍል ይሰቀላል። ወር ያህል ታይቶ እንከን ካልተገኘበት አራት መቶ ይታተምና ለየጤና ጣቢያው ይታደላል። የኛ ቢሮ ፎቁ ላይ ስለሆነ በፈለግኩ ሰዓት ወርጄ ማየት እችላለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ምን እንዲያበሉ የሚመክር በራሪ ወረቀት ስጽፍ ስንት ዓመቴ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ጽፌ አላውቅም። ኩራት ኩራት እያለኝ ነው። እዚህ ደብተር ላይ ካልተኩራራሁ የት ልኩራራ።

ምሳ አልበላሁም። ደስታም ያጠግባል መሰለኝ።

ረቡዕ፣ 6

ሰቀልነው፤ ልክ ከሚዛኑ በላይ። ሕፃናቱን የምትመዝነው ነርስ፣ ሁሉም ሰው ሲስተር ሚዛን የሚላት፣ እኔ የቆምኩበትን ወንበር ይዛ ወደ ላይ አየችና «ያምራል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ድንቡሼን መቼ ነው የምታመጫት?»

«ሰሞኑን።»

«ሰሞኑን ማለት ከጀመርሽ አሥር ወር ሆነሽ።»

ወረፋው ብዙ ነበር፤ ከወንበሩ ወርጄ መንገድ ለቀቅኩ። ድንቡሼ ልጄ ናት፤ ሁለት ዓመት ከአንድ ወሯ። ስትወለድ ጉንጯ ከፊቷ ቀድሞ ይታይ ስለነበር አባቷ ያወጣላት ስም ነው። አሁን ቀጠን ብላለች፤ በአባቷ ወገን ሁሉም ቀጫጭን ናቸው። ዛሬ ጠዋት ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ አምስት ማንኪያ ገንፎ ሰጠኋት፤ ሦስቱን ተፋችው። ግን ጤነኛ ናት። ትሮጣለች፣ ትስቃለች።

ሐሙስ፣ 7

ዛሬም ሻይ በብስኩት። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ናቸው ቀን ቀን ድንቡሼን የሚይዙልኝ። «እሱን ብቻ ነው እሺ የምትለኝ» አሉ። ሻይ ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ምንም አልተናገርኩም። ነገ እናገራለሁ።

እሑድ፣ 10

አልተናገርኩም፤ የባሰ ነገር ነው ያደረግኩት። በራሪ ወረቀቱን ከቢሮ አምጥቼ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አማቴ ማንበብ አይችሉም። «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። ስለ ሻዩ፣ ስለ ብስኩቱ፣ ስለ ቀጭኑ ገንፎ፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«እኔን ነው?» አሉ።

«አይ እማማ፣ ለእናቶች ሁሉ ነው።»

«እዚህ ቤት ስንት እናት አለ?»

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከሽንኩርቱ ጋር ብቻ ነው ያወሩት። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል መናገር ሲገባኝ ግድግዳ አናገርኩ። ግን ምን ብዬ ልጀምር? እሳቸው ባይኖሩ ሥራ የምሄደው በማን አምላክ ነው?

ማክሰኞ፣ 12

ስድስት እናቶች ፖስተሩን እያዩ አስተያየት ሰጡ። ሁሉም «ቆንጆ ነው» አሉ። አንዷ «በጣም ቆንጆ ነው» አለች። ቅጹን ሞላሁ፤ አለቃችን «ስድስት ለዜሮ» አለ፣ ኳስ ነው የሚመስለው። ያ ሁሉ «ቆንጆ ነው» ምን እንደጎደለው አላውቅም። ልክ አማቴ «ወጡ እንዴት ነው?» ሲሉኝ እኔ እንደምመልሰው ነበር።

ዓርብ፣ 15

በጥድፊያ። ለመመዘን የመጡት አሥራ ዘጠኝ። ሌላ ጊዜ ዓርብ ከሠላሳ አያንስም። ዝናቡ ነው።

ሐሙስ፣ 21

አሥራ አንድ። ሲስተር መዝገቧን ይዛ ፎቅ ድረስ ወጣች። «ዝናቡ ነው» አልኳት። «ይሆናል» አለች። አብረን ወርደን ስናይ የመድኃኒት ክፍሉ አግዳሚ በሰው ተሞልቷል፤ ጃንጥላው ግድግዳውን ተደግፎ ያንጠባጥባል። የመመዘኛው አግዳሚ ላይ ግን ሁለት ሴቶች ብቻ። መድኃኒት ፍለጋ ሲሆን ዝናብ አያግድም ማለት ነው።

ድንቡሼ ዛሬ ሰባት ማንኪያ። ሁለቱን ሳባብላት፣ ሦስቱን ስቆጣት፣ ሁለቱን አፍንጫዋን ይዤ። የመጨረሻውን አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ፣ 24

ባለቤቴ የጭነት መኪናውን አቁሞ ሁለት ቀን አደረ። ሹፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ነው የምናየው። ልጁን አንስቶ ወደ ላይ ወረወራትና ሲቀበላት ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። በኋላ ልብስ ሳሰጣ በመስኮቱ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ፣ «ምን ልበልህ ልጄ። ሚስትህም አትበላ፣ ልጅህም አትበላ። ይቺ ሕፃን የሚበላ ሰው አይታ አታውቅም።»

ቆሽቴ አረረ። ልጄን ለማሳደግ ከጠዋት እስከ ማታ የምሮጥ ሰው፣ ስለ ምሳዬ እታማ? ምሳማ የት አለኝ፤ የምሳ ሰዓቴ ይኼን ደብተር የምጽፍበት እኮ ነው።

ወደ ቤት ገብቼ ድንቡሼን አለበስኳት። ያምናው ቢጫ ቀሚሷ ነው። ልክ ሆነላት። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ሲታጠብ አልጠበበም።

ማክሰኞ፣ 26

ዛሬ የሆነውን አንድም ሳላስቀር መጻፍ አለብኝ።

አለቃችን ቅዳሜ ወደ ማተሚያ ቤት እንልካለን አለ። አንዴ ብቻ እናቶቹን ላናግር ብዬ ለመንኩት፤ ልቤ አልረጋም ነበር። «ስድስት ለዜሮ አሸንፈናል እኮ» አለ። ቢሆንም ፈቀደ። በዚህ ጊዜ ቅጽ አልያዝኩም። ከመድኃኒት ክፍሉ አግዳሚ ሰባት ሴቶች ለምኜ አመጣሁና አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ከመካከላቸው አንዷ የሰው ልብስ የምታጥብ፣ የአምስት ልጆች እናት ናት። ጣቶቿ ከሳሙናው ብዛት ነጭ ሆነዋል። ጥያቄዬን ስሰነዝር አቋረጠችኝ።

«ከልብሽ ነው የምትጠይቂን፣ ወይስ ለወረቀት?»

«ከልቤ ነው።»

«እንግዲያው ልንገርሽ። ትንሹን ልጄን ሁልጊዜ እዚህ ነበር የማስመዝነው። አሁን ትቻለሁ።»

«ዝናቡ ነው?»

«ዝናብ ምን ያደርገኛል፣ ሥራዬ ውሃ ነው።» ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «ጽሑፉ ነው። ልጄ ቀሎብኛል፣ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ የማቅፈው። ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል ከራሱ በላይ የጎበዝ እናት ምስክር ነው ይላል። ሰው ሁሉ እየሰማ ቀሏል ሲባል፣ እኔ ምን ልባል ነው? ድሃ መሆኔ አንሶ ሰነፍ እናት ልባል?»

አንዲት ልጅ እግር እናት ቀስ ብላ፣ «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ጎረቤቴ ናት ያነበበችልኝ። ከዚያ ወዲህ እሷም ቀርታለች» አለች። ሌላዋ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት «በጣም ቆንጆ ነው» ያለችኝ እሷው ራሷ፣ መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች።

አጣቢዋ ገና አልጨረሰችም። «ስዕሉንም እዪው። ልጁ ይበላል፣ እናቱ ቆማ ትስቃለች። ሳትበላ ምን ያስቃታል? እኔም እንደዚህ ነበርኩ፤ ለልጆቹ ይድረስ ብዬ ቆሜ ማጉረስ። አምስተኛው እምቢ አለኝ። እናቴ ናት የነገረችኝ። ቆመሽ ስታበይው መድኃኒት የምትሰጪው ይመስለዋል፤ ተቀመጪና አንቺም ብዪ፣ ያኔ ይሻማሻል አለችኝ። ይኸው አሁን ይሻማኛል። ገና አልከበደም እንጂ ይሻማኛል።» ከዚያ ዞር ብላ፣ «አንቺ ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ትበላለች?»

«ትበላለች» አልኩ።

ዋሸሁ። እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እዚያ ግን መናገር አቃተኝ። ወደ ቢሮ ደረጃውን ወጣሁ። አሥር ወር ሙሉ ሰሞኑን፣ ሰሞኑን ስል የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ያን ጽሑፍ ሳልጽፈው በፊትም በውስጤ ተሰቅሎ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔን ነው።

ረቡዕ፣ 27

ፖስተሩን አወረድኩት። አለቃችን ተቆጣ። «የወር ሥራ ነው። ደግሞ አንቺው ነሽ የጻፍሽው።»

«እኔው ስለጻፍኩት ነው የማወርደው።»

«ሰው ሲያየው እኮ ደስ ይለዋል።»

«ልጁ የወፈረለት ሰው ደስ ይለዋል። የሲስተርን መዝገብ እይ።» መዝገቡን ፊቱ ዘረጋሁለት። ሠላሳ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ ትናንት ሰባት። መነጽሩን አላወለቀም፤ ይልቁንም አስጠግቶ አየው። «አራት መቶ ቦታ ሰቅለነው ቢሆን ኖሮ» አለና መዝገቡን ከደነው። ሌላ እንድጽፍ ሦስት ሳምንት ሰጠኝ።

እፎይ ልበል ብዬ ነበር። ግን ያልተመዘነች ልጅ ቤት አለችኝ።

ሐሙስ፣ 28

ሥራ ሲያበቃ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አማቴ ድንቡሼን አዝለው አመጡልኝ። ይኼንንም በድብቅ መሆኑ ነው። ሲስተር የልጅቷን ልብስ አውልቃ ሚዛኑ ላይ ሰቀለቻት። ስምንት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ካርዷን አውጥታ ነጥብ አደረገችበት። የመጨረሻው ነጥብ የአሥራ አምስት ወር ሳለች የተደረገ ነው፤ ዘጠኝ ኪሎ። በሁለቱ መካከል ባዶ። አዲሱ ነጥብ ከአረንጓዴው፣ ከጤናማው ክፍል፣ ወርዶ ቢጫው ላይ አረፈ።

አለቀስኩ፤ አማቴ ፊት፣ ልጄ ፊት። ሲስተር ጨርቅ ሰጠችኝና፣ «የምመዝነው እሷን ነው፤ አንቺን አይደለም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ዛሬ ምሳ በልተሻል?» ጥያቄውን ምን እንዳመጣው አልገባኝም።

ተረኛው ሐኪም ጆሮዋንም፣ ደረቷንም፣ ሆዷንም አየ። በሽታ የለባትም። የጎደላት ምግብ ነው። ወይ ማፈር፣ ወይ መደሰት! ምግብ ብቻ ከሆነ ይቻላል። ይቻላል እያልኩ ነው እቤት የደረስኩት።

ማታ ወረቀቱን ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ልልጠው ስል አማቴ፣ «ተይው ባክሽ፣ ስዕሉን ትወደዋለች» አሉ። ከዚያ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ ያከሳኋት ብለሽ ነው የምታስቢው?»

«አይደለም እማማ። እኔም አለሁበት።»

«ሻዩን የምሰጣት ዝም እንድትልልኝ ነው። ጠዋት ስትወጪ በሩን ይዛ ታለቅሳለች። ሌላ ነገር አትቀበለኝም።» ይኼን ለሁለት ዓመት ሳልጠይቃቸው ኖሬያለሁ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «የምን ይቅርታ፣ ነገ ቀደም ብለሽ ተነሺ እንጂ» አሉኝ።

ሰኞ፣ 2

ግማሽ ሰዓት ቀድሜ መነሳት ጀመርኩ። ምንጣፍ ዘርግተን ሦስታችንም እንቀመጣለን፤ ለሷ የራሷ ትንሽ ሰሃን። ገንፎው ወፈር ብሎ እንቁላል ተመትቶበታል። እኔም እበላለሁ። ድንቡሼ ሰሃኗን ደፋችው። አማቴ፣ «እኛ እንብላ፣ አትዪያት» አሉ። አላየኋትም። አለማየት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ 4

ዛሬም የለም። ሻይ ፍለጋ አለቀሰች። አማቴ አልሰጡም፤ እሳቸውም አብረው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።

ዓርብ፣ 6

ከኔ ሰሃን ድንች ሰረቀችኝ። የራሷ ሰሃን ላይ ያው ድንች አለ፣ እሷ የፈለገችው የኔን ነው። «የኔ ነው» ብዬ ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩት። ሌላ ወሰደች። አማቴ ሳቃቸውን ሊውጡ ሲሉ ትን አላቸው። አጣቢዋን አግኝቼ ግንባሯን ብስማት ደስ ባለኝ።

ሰኞ፣ 9

እናቶቹ ተመልሰው መጡ፤ ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። አለቃችንም ወርዶ ተቀምጦ ነበር። «ጎመን በጤና ብንልስ?» ሲል ልጅ እግሯ እናት፣ «ጎመኑማ አለ፤ የጠፋው ጤናው ነው» ብላ አሳቀችን። እኔ «የተለያየ ምግብ» ብዬ የጻፍኩትን አጣቢዋ አሰረዘችኝ። «የተለያየ ስትይኝ የሌለኝን ሁሉ ነው የማስበው። ካለኝ ላይ ምን ልጨምር? እሱን ንገሪኝ።» እንዲህ ሆነ፦ «ከምታበስዪው ላይ ለልጅሽ አንድ ነገር ጨምሪ። ዛሬ ምስር፣ ነገ ጎመን፣ ከተገኘ እንቁላል።» ከላይ በትልቁ፦ «ተቀመጪ፤ አብረሽው ብዪ።» ሰዓሊው እናትየዋን አስቀመጣት፤ እጇ ሰሃን ውስጥ ነው።

ለመመዘኛው ክፍል ለብቻው ሌላ ጻፍን። «እዚህ የሚመዘነው ልጁ ነው፤ እናቱ አይደለችም። ቢቀልም ኑ፣ ቢከብድም ኑ።»

«ይኼ መፈክር አይመስልም» አለ አለቃችን።

«መፈክርማ ዓይተናል» አለችው ሲስተር። መነጽሩን አወለቀ።

ሐሙስ፣ 12

ጉንፋን ያዛት። ሁለት ቀን ምንም። አሥር ቀን የሠራነው ሁሉ በአንድ ሳል የሚናድ መሰለኝ። እኔም መብላት አስጠላኝ፤ አማቴ ሰሃኑን ወደኔ ገፋ አደረጉና፣ «እያየችሽ ነው» አሉ። በላሁ።

ማክሰኞ፣ 17

ተሻላት። ምስሩን በላች፣ ሰሃኑን ላሰች፣ ከዚያ የአያቷን ጀመረች። ባለቤቴ ደውሎ ነበር፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሳደርግላት የምታላምጠውን አሰማችው። «ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለ። «ካሮት ነው» አልኩት። «እስቲ እንደገና አሰሚኝ» አለ።

ፖስተሩ ማተሚያ ቤት ገባ።

ሰኞ፣ 23

ዛሬ ጠዋት ለአለቃችን አርፍጄ እገባለሁ ብዬ ድንቡሼን አዝዬ ወረድኩ። በድብቅ አይደለም። የመመዘኛው አግዳሚ ሞልቶ አራት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ማንም ነገሬ ያለው የለም። አጣቢዋ ልጇን ታፋዋ ላይ አስቀምጣ ስታየኝ ፈገግ አለች።

«አንቺም?»

«እኔም።»

«ያን ቀን ትበላለች አልሽኝ እኮ።»

«ዋሸሁሽ።»

«አውቄብሽ ነበር። በይ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ ብለሽ እንዳትቀድሚን፤ ከኋላ ግቢ።»

ከኋላ ገባሁ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። የሷ ልጅ ሦስት መቶ ግራም ጨምሯል፤ ገና ቢጫው ላይ ነው፣ ግን ወደ ላይ ይዟል። ስትወጣ በጥርሷም በዓይኗም እየሳቀች በአጠገቤ አለፈች።

ተራችን ደረሰ። ድንቡሼ ሚዛኑ ላይ ሆና እግሯን አወራጨች፤ ቀስቱ ወዲያ ወዲህ እያለ አልቆም አለ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ይየኝ። ቀስቱ ቆመ። ሲስተር ጎንበስ ብላ አየችና እስከ በሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠራችው፣ «ዘጠኝ ከአምስት መቶ። አረንጓዴ።»

እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ።